የዓርብ ማታው በረራ

አደይ በአባቷ ለቅሶ ላይ እንቅልፍ ጣላት።

ከእናቷ ጎን ሰሌኑ ላይ ተቀምጣ አልቃሿ የምትገጥመውን እያዳመጠች ሳለ፣ አንገቷ ቀስ እያለ ወደ ደረቷ ወረደ። በዳሱ ማዶ የተቀመጡት ሴቶች ሐዘን የደፋት መስሏቸው ይበልጥ አለቀሱላት። አልቃሿ ግን ከአጠገቧ ቆማ ነበርና እንደ ሕፃን የረጋውን ትንፋሿን ሰማች።

«ልጅዎ መጣች ሰማይ አቋርጣ፣
ምነው ማን ቀድሞ ይዞዎት ወጣ?»

አለችና ሳትደግመው ቀረች። ሁሉም ዝም ሲል ዝናቡ በዘጌ ቡና ቅጠል ላይ ሲወርድ ተሰማ። ዓመቱ ፲፱፻፸፮፣ ወሩ ሐምሌ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ሰባት ነበር። አባቷ መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት ከተቀበሩ ሦስተኛ ቀናቸው ነው።

«እንባ አላወረደች፤ ጭራሽ ተኛች?» አለች አንዲት ሴት። በሹክሹክታ ብትናገርም ያልሰማ አልነበረም። «እዚያ አገር ይህን ነው የሚያስተምሯቸው?»

የአደይ እናት ወይዘሮ የብርጓል ቀና አሉ። ድምፃቸው በጩኸት ብዛት ሰልሎ የተቀደደ ጨርቅ መስሏል።

«ልጄን ተዉልኝ! ቴሌግራሙ በደረሳት ማግሥት ነው የተነሣች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጎኗ መሬት አልነካም። አባቷ ላይ ልትደርስ በሰማይ ስትንከራተት የሰነበተች ልጅ ናት።»

አደይን የቀሰቀሳት ይህ ቃል ነበር። ነቃች፤ ዓይኗን ግን አልገለጠችም። ብትገልጠው እናቷ ፊቷን አይተው እውነቱን የሚያውቁ መሰላት።

ከወንዶቹ በኩል አባ ወልደ ዮሐንስ ተነሡ። ከአባቷ ጋር አርባ ዓመት በአንድ ደብር ያገለገሉ ካህን ናቸው። «ሌሊቱን ቆሞ ያደረ ሰው ቀን ቢያንቀላፋ ነውር አይዶለም፤» አሉ መቋሚያቸውን እየተደገፉ። «እኛም ማኅሌት ባደርን ማግሥት እንዲሁ ነን። ወደ ውስጥ አስገቧትና ትረፍ።»

ሁለት ሴቶች ደግፈው አባቷ ያረፉበት ክፍል ውስጥ አስተኟት። ብቻዋን ስትቀር እንቅልፉ ትቷት ጠፋ። እግሮቿ አብጠው ጫማው የታሰረበት ሰምበር ገና አለ፤ ጆሮዋ ውስጥ የሞተር ድምፅ አልበረደም፤ አፏ ሳንቲም የጎረሰች ያህል ብረት ብረት ይላል። ልቧ ማልቀስ እንዳለባት ያውቃል። ሰውነቷ ግን ገና ሀቫና ነው፤ እዚያ ጎሕ እየቀደደ ነው፤ ሐዘኑም ከሰውነቷ ጋር ወደ ኋላ የቀረ ይመስል እንባዋ አልመጣም።

አምስት ዓመት ኩባ ውስጥ ነርስነት ስትማር ቆይታለች። «አባትሽ ታመዋል፣ ቶሎ ነይ» የሚለው ቴሌግራም ሰኞ ጧት ሲደርሳት፣ የተማሪዎቹን ጉዞ የምታሰናዳው ኩባዊት ሴት ሁለት በረራ አቀረበችላት። አንደኛው ማክሰኞ ቀትር ላይ የሚነሣ ነው። ሞስኮ ላይ አንድ ቀን ተኩል ወንበር ላይ ያስጠብቃል፤ ዓርብ ማለዳ ግን አዲስ አበባ ያደርሳል። ሁለተኛው የሚነሣው ዓርብ ማታ በአራት ሰዓት ነው። መንገድ ላይ ብዙ አያቆይም፤ እሑድ ማለዳ ያስገባል።

«የማታውን ያዢ፤» አለቻት ሴትዮዋ። «መብራቱን ሲያጠፉት ትተኛለሽ፤ ስትነቂ ባሕሩን ተሻግረሻል። የማክሰኞውን የያዙት ቀንና ሌሊታቸው ተምታቶ ሳምንት ሙሉ ታመው ነው የሚከርሙ።»

ምክሩ የቅን ሰው ምክር ነበር። ቢሆንም አደይ ዓርብን የመረጠችው ለእንቅልፉ ብላ ብቻ እንዳልሆነ ታውቃለች። ዲፕሎማ የሚሰጠው ሐሙስ ነው። አባቷ ደረታቸውን ሲታመሙ ይህ የመጀመሪያቸው አይደለም፤ ሦስት ጊዜ አልጋ ይዘው ሦስት ጊዜ ተነሥተዋል። ባዶ እጇን ከመግባት፣ ወረቀቱን አምጥታ ጉልበታቸው ላይ ብታስቀምጥላቸው የሚድኑ መሰላት። ሦስት ቀን ምን ያህል ነው? ስሟን በዓርቡ መዝገብ ላይ አስጻፈች።

እንቅልፉም አልመጣም። መብራቱ ሲጠፋ ዙሪያዋ ያለው ሰው ሁሉ ሲያንኮራፋ እሷ መስኮቱ ላይ የገዛ ፊቷን ስታይ አደረች። አጭር ሌሊት፣ ረዥም ቀን፣ ደግሞ ሌላ ሌሊት አለፈባት። እሑድ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ አውሮፕላን ስላልነበረ አዲስ አበባ አደረች፤ ያን ሌሊትም አልተኛችም። ዛሬ ጧት ባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣዋን የፈተሸው ወታደር የይለፍ ወረቀቷን ካየ በኋላ ዲፕሎማውን ገልጦ «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ጓድ!» አላት። ከዚያ ከልጅነቷ የሚያውቃትን ባለጀልባውን ቢያዝንን ወደቡ ላይ አገኘችው። ሰላም አላትና አንገቱን ደፋ። ለወትሮው የሐይቁን ወሬ ሁሉ የሚያወራው ሰው እስከ ዘጌ ድረስ ቃል አልተነፈሰም። አደይም ምንም አልጠየቀችውም። መርዶዋ ያ ዝምታ ነበር።

በሩ ተንኳኳና አባ ወልደ ዮሐንስ ገቡ። አደይ ልትነሣ ስትል በእጃቸው ምልክት አስተኟትና መደቡ ላይ ተቀመጡ።

«እንቅልፉ እምቢ አለሽ?»

«ሲፈለግ አይመጣም፣ አባ።»

«አባትሽ ቢኖሩ ምክንያቱን ይነግሩሽ ነበር፤» አሉ ፈገግ ለማለት እየሞከሩ። «የናንተ ሰዓት ከኛ በሰባት ወደ ኋላ መሆኑን ከጻፍሽላቸው ወዲህ ባሕረ ሐሳብ ሲያስተምሩ እንኳ የኛንም የናንተንም ሰዓት ነበር የሚቆጥሩ። ግቢው ውስጥ ቆመው ጥላቸውን በጫማ ይለኩና ‹አሁን አደይ ከእንቅልፏ ተነሣች› ይላሉ። ተማሪው ይስቃል። እናትሽንም አስተምረዋታል።»

አደይ ዓይኗን ጣራው ላይ ተከለች።

«ሲደክሙም አልተዉት። ቴሌግራሙን ካስመታን በኋላ ‹ሰኞ ይደርሳታል፤ ማክሰኞ ትነሣለች፤ ስትሄድ ሦስት ቀን ነው የፈጀባት፤ ዓርብ ትገባለች› አሉ። ዓርብ ጧት አልጋዬን ወደ ሐይቁ አዙሩልኝ ቢሉ አዞርንላቸው። እስኪመሽ ጀልባ ሲቆጥሩ ዋሉ። መንገድ ላይ ምን አገደሽ፣ ልጄ?»

አደይ «ደመና» ልትል አፏን ከፈተች። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ክረምት ነው፤ ሁሉም ያምናታል፤ እናቷም እስከ ዕለተ ሞታቸው ደመናውን ሲረግሙ ይኖራሉ። የተከፈተ አፏን ግን መልሳ ገጠመችው።

«እናቴን ይጥሩልኝ፣ አባ። ለሷ ነው የምነግራት።»

አባ ወልደ ዮሐንስ ትንሽ አዩዋትና ወጡ።

ወይዘሮ የብርጓል የረጠበ ነጠላቸውን እንደ ታጠቁ ገቡ። «ምነው ልጄ፣ አመመሽ?» ብለው ግንባሯን ዳሰሱ። አደይ እጃቸውን ከግንባሯ ላይ አወረደችና ያዘችው።

«እምዬ፣ እኔ ማክሰኞ አልተነሣሁም።»

«ምን አልሽ?»

«የማክሰኞው አውሮፕላን ላይ ቦታ ነበረ። እኔ ነኝ የዓርብ ማታው ይሻለኛል ያልሁ። ሌሊቱን ተኝቼ ልምጣ ብዬ፤ ይችን ይዤ ልምጣ ብዬ።» ዲፕሎማውን ከሻንጣው አውጥታ ሰጠቻቸው። «የማክሰኞውን ብይዝ ዓርብ ከሰዓት እዚህ ነበርሁ። ለሰው የምትነግሪው እውነት አይዶለም።»

እናቷ ማንበብ አይችሉም። ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ማኅተሙን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፤ አንዴ፣ ሁለቴ። አደይ እንዲጮኹባት፣ እንዲመቷት፣ ወረቀቱን እንዲቀዱት ጠበቀች። ዳሱ ውስጥ አልቃሿ እንደገና ጀምራለች።

«ስንት ሰዓት ላይ?» አሉ በመጨረሻ።

«ምኑ?»

«የተነሣሽው። ዓርብ ማታ ስንት ሰዓት ላይ?»

«አራት ሰዓት።»

ወይዘሮ የብርጓል ዲፕሎማውን መደቡ ላይ አኖሩና ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ። ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። አንዱን እጅ ጨርሰው ከሌላው ሁለት አጠፉና ቆሙ።

«አስራ አንድ፤» አሉ። «በኛ ሌሊት አስራ አንድ ሰዓት፤ ለቅዳሜ አጥቢያ።»

አደይ አልገባትም።

«እሳቸውም ያን ሰዓት ነው የሄዱ። የቅዳሴው ደወል ሲደወል።» የታጠፉ ጣቶቻቸውን እንደ እንግዳ ነገር ተመለከቷቸው። «አብራችሁ ነው የተነሣችሁ።»

ምሕረት ይሁን ፍርድ አደይ ከድምፃቸው መለየት አልቻለችም። ከወደ ሐይቁ አዲስ ጩኸት ተሰማ፤ ከመሸንቲ የመጡት ዘመዶች ጀልባ ደርሷል። ወይዘሮ የብርጓል ነጠላቸውን አጥብቀው ወደ ዳሱ ወጡ፤ በሩን ሳይዘጉት ሄዱ።

አደይ ባዶ እግሯን ተነሣች። ወለሉ ከእግሯ ሥር ሳይወዛወዝ ሲቆም ከተሳፈረች ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ዝናቡን አቋርጣ ዳሱ ውስጥ ገባች። ከእናቷ አጠገብ የነበረው ቦታዋ በሌላ ሰው ተይዞ ስላገኘችው የምትቀመጥበት አጥታ ቆመች።

እናቷ ፊታቸውን ሳይመልሱ ጠጋ አሉላት።