የት ነሽ እናቴ

«አያእሚ!»

ጸሐፊው ለቆጠራ ሲጣራ በሽመናው ቤት የነበሩት ሴቶች ሁሉ ዞር አሉ። አያእሚ መወርወሪያዋን አስቀመጠች፤ የአርባ ቀን ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ ታቀፈችና ጸሐፊው ፊት ቆመች።

ስሙ ስሟ አይደለም። ከከነዓን ተማርካ የመጣች ጊዜ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። ወደቡ ላይ እናቷን ወደ ሌላ ጀልባ እየጎተቱ ሲወስዱባት፣ ሰው ቆጣሪው ስሟን ጠየቃት። የግብጽን ቋንቋ ከየት አምጥታ! «አያ እሚ!» ብላ ጮኸች። በአገሯ ሰዎች አፍ «የት ነሽ እናቴ» ማለት ነው። ቆጣሪውም ጆሮ እንጂ ልብ አልነበረውምና የሰማውን ጻፈ። ይኸው ሃያ ዓመት፣ በየቆጠራው የገዛ ጩኸቷን ይጠሩባታል። እናቷ ታማር ብላ ያወጣችላትን ስም ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የእሷ ግን በቁሟ ተቀብሯል።

ዛሬ ለልጇ ልታስጽፈው ቆርጣለች።

«የቤቱ እመቤት ልጅቷ ነፍሬት ትባል ብለዋል» አለ ጸሐፊው ሬንሰነብ፣ ቀና ሳይል።

«ትባል ጌታዬ። በጎኑ የኛንም ይጻፉልኝ፤ ታማር ይበሉልኝ። ሁላችንም መዝገቡ ላይ ያገራችንና የግብጽ፣ ሁለት ሁለት ስም አይደል ያለን?»

«ሁለት ስም ከውጭ ለመጣ ነው። ይቺ የቤት ውልድ ናት።»

«ትንሽ ቦታ እኮ ነው የሚፈጀው።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ቦታ የቸገረኝ መሰለሽ? ይሄ የደንገል ወረቀት እኔም አንቺም አፈር ከሆንን በኋላ ይኖራል። የሌለ ነገር አልጽፍበትም።»

የሌለ ነገር! ልጅቷ እዚህ ተወልዳ፣ እዚህ ሸምና፣ እዚህ ትሞታለች፤ ከማን ወገን እንደሆነች የሚናገር አንዲት ፊደል እንኳ አይኖራትም። በሩ ክፍት ነበር፤ ዘበኛው ጥላ ሥር ተቀምጦ ሽንኩርት ይገምጣል። ወዴት ይኬዳል?

ሬንሰነብ ጽፎ ጨረሰ። የጻፈውን ጮክ ብሎ ማንበብ ደንብ ነው።

«ነፍሬት፣ የአያእሚ ልጅ።» የእናትየው ባዕድ ስም ዛሬም ለአፉ አልተመቸውም፤ ወደ ሕፃኗ ጎንበስ ብሎ ቀስ እያለ ደገመው። «አያ... እሚ?»

ሕፃኗ ዓይኗን ገለጠች።

ሴትየዋ ሃያ ዓመት ሙሉ ለዚህ ጥሪ «አቤት» ስትል ኖራለች። አሁን ግን አፏን ልጇ ጆሮ ላይ ደፋች።

«አለሁ፣ ታማር» አለች።

ጸሐፊው የሰማው «አለሁ» የሚለውን ብቻ ነበር። መገኘቷን በቀይ ነጥብ ምልክት አደረገና የሚቀጥለውን ስም ጠራ።