ጋሽ ፌርማታ ብስክሌት ሲማር

ጡረታ ወጣ ማለት ዐረፈ ማለት የሚመስለው ሰው ካለ፣ የጋሽ ፌርማታን ሚስት አያውቃትም። ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ መሪውን ካስረከበ ገና ሳምንቱ ነው፤ የጠዋት እንቅልፍን ጣዕም እንኳ በቅጡ አላወቀውም። እሷ ግን የሰፈሩ የጡረተኞች ትምህርት ማዕከል ሄዳ ሁለቱንም አስመዝግባ መጣች። ኮምፒውተር ነበር፣ ሥዕል ነበር፣ የውጭ ቋንቋም ነበር። እሷ የመረጠችው ብስክሌት ነው።

«ብስክሌት?» አለ ጋሽ ፌርማታ። «ያን የሚያህል መኪና ስነዳ የኖርኩ ሰውዬ በሁለት ቀጭን ጎማ ልጫወት?»

«ካልፈለግህ ቁጭ በል። እኔ ግን እማራለሁ» አለችው።

ፌርማታ የሚለውን ስም ያወጡለት ተሳፋሪዎቹ ናቸው። ሰው ኖረም አልኖረም፣ ፌርማታ ካየ ሳይቆም አያልፍም ነበር። የቸኮለው ሁሉ ያጉረመርማል፤ እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ በሩን ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ይሄዳል። ሚስቱ ደግሞ ልብስ ሰፊ ነበረች። እሱ ከተማውን ሲዞር እሷ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የእግር መኪናዋን ስትረግጥ ኖረች። በዕረፍት ቀኑ አንድ ቦታ ወጣ እንበል ስትለው፣ «ስዞር ሰንብቼ ደግሞ ልዙር? ጡረታ ስወጣ የትም እወስድሻለሁ» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። ሴትዮዋ ደግሞ የተነገራትን የምትረሳ አይደለችም።

ትምህርቱ የሚሰጠው ከማዕከሉ ጀርባ ባለው የመረብ ኳስ ሜዳ ላይ ነው። አስተማሪዋ ራሷ ጡረተኛ ናት፤ በብስክሌት ደብዳቤ ስታድል የኖረች ፖስተኛ። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ቀልድ የማይገባት ሴት። ቀልዱን የሚያመጣው አብሯቸው የሚማረው የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ መቀሱን ሰቅሏል፣ ምላሱን ግን አልሰቀለም።

ልብስ ሰፊዋ በጥቂት ቀን ያለ ደጋፊ መንዳት ቻለች። እግሯ ዕድሜ ልኩን ሲረግጥ የኖረ ነው፤ ፔዳሉን ሲያገኝ ዘመዱን ያገኘ መሰለው። ጋሽ ፌርማታም ቀጥ ባለ መንገድ ላይ አይታማም። እርግጥ ነው፣ ሰፈር ውስጥ ሲለማመዱ የአውቶቡስ ፌርማታ ባየ ቁጥር ቀኝ ይዞ ይቆማል። ፀጉር አስተካካዩ ከኋላው ደርሶ፣ «ሾፌር፣ በሩን ክፈትልኝ፣ ወራጅ አለ» ይለዋል።

ጉዱ የሚመጣው ሲታጠፍ ነው። ረጅም አውቶቡስ ሲታጠፍ የኋላ ጎማው ጥጉን ቆርጦ ያልፋል። ስለዚህ ሾፌር መታጠፊያውን አልፎ ይሄድና ሰፋ አድርጎ ይዞ ነው መሪውን የሚጠመዝዘው፤ አለዚያ ዳር የቆመ እግረኛ ይጨፈልቃል። ጋሽ ፌርማታም ብስክሌቷን እንደዚያው ነው የሚያጥፋት። መታጠፊያውን ያልፋል፣ ሰፋ ያደርጋል፣ ከዚያ የሜዳው የእሾህ አጥር ውስጥ ይገባል።

«ጋሽ ፌርማታ፣ ከኋላዎ እኮ ምንም የለም» ትለዋለች ፖስተኛዋ።

«አውቃለሁ እትዬ። ጭንቅላቴ ሰምቷል፤ እጄ ነው እንቢ ያለኝ።»

በትምህርቱ ማብቂያ ተማሪዎቹ ሁሉ ከከተማው ውጭ ወዳለው ሐይቅ በብስክሌት ይሄዳሉ። መንገዱ ላይ ጠባብ ድልድይ አለ፤ ከድልድዩ ሲወጡ ደግሞ ድንገተኛ መታጠፊያ። ፖስተኛዋ ስለዚህ አንድ ሕግ አላት፦ በሁለት የተደፉ ባልዲዎች መካከል እግሩን መሬት ሳያስነካ መታጠፍ ያልቻለ አይሄድም። ተለመነች፣ ሽማግሌ ተላከባት፣ ወይ ፍንክች።

የፈተናው ቀን ልብስ ሰፊዋ በባልዲዎቹ መካከል ጨርቅ እንደምትቀድ ሁሉ ገብታ ታጥፋ ወጣች። ፀጉር አስተካካዩም እየተንገዳገደ አለፈ። ጋሽ ፌርማታ ሞከረ፣ አጥር ገባ። ደግሞ ሞከረ፣ ደግሞ ገባ። ፀጉር አስተካካዩ እሾሁን ከኮቱ ላይ እየነቀለለት፣ «ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው» አለ። ጋሽ ፌርማታ አልሳቀም።

ማታ ቤት ገብተው ራት ሲበሉ ያሰበውን መላ አወጣው። «አንቺ ከሰዎቹ ጋር ሂጂ። እኔ በአውቶቡስ ቀድሜሽ እዚያ እጠብቅሻለሁ።»

ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ያን ሁሉ ዓመት አንተ በአውቶቡስ፣ እኔ በቤት። አሁን ደግሞ አንተ በአውቶቡስ፣ እኔ በብስክሌት» አለች። «ይሁን። እኔ እንደሆነ ብቻዬን ለምጄዋለሁ።»

ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም። ብትጮህበት ይሻለው ነበር። ጋሽ ፌርማታ ፈራ፤ እውነት ነው የምላችሁ። ሐይቁ ቀረብኝ ብሎ አይደለም፣ ሐይቅ ምን ያደርግለታል። ይህቺ ሴት ያለ እሱ መሄድ ለምዳ እንዳትቀር ነው የፈራው። ያለ ሚስት መሄድ እንዴት እንደሚለመድ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለማ።

በማግስቱ ማንም ሳይመጣ ማዕከሉ በር ላይ ፖስተኛዋን ጠበቃት። «እትዬ፣ ሌላ መላ ከሌለ እኔ ጉዴ ፈልቷል» አላት። ነገሩን ሰማችና ትንሽ አስባ ወደ ዕቃ ቤት ወሰደችው። ከተሰበሩ ወንበሮች ጀርባ አቧራ የጠጣች ብስክሌት ቆማለች፤ ሁለት መቀመጫ፣ ሁለት ጥንድ ፔዳል፣ ሁለት መሪ ያላት ረጅም ብስክሌት። ጋሽ ፌርማታ ርዝመቷን ሲያይ ፊቱ በራ። ሲወለውል፣ ሰንሰለቷን ዘይት ሲቀባ፣ ጎማዋን ሲነፋ አረፈደ። የፊተኛውን ወንበርም በራሱ ቁመት ልክ ከፍ አድርጎ አሰረው።

ሚስቱ ስትመጣ ፊት ላይ ተቀምጦ ጠበቃት። «ተሳፈሪ፣ እመቤቴ፣ ዛሬ ሾፌር አለሽ» አላት። እሷ ብስክሌቷን አየች፣ እሱን አየች።

«ጋሽ ፌርማታ» አለች ፖስተኛዋ፣ «የሚያጥፈው የፊተኛው መሪ ብቻ ነው። ለመሆኑ ባልዲዎቹን ያለፈው ማነው?»

ጋሽ ፌርማታ መሪውን እንደጨበጠ ቆየ። ሰው ፊት ከሾፌር ወንበር ተነሥቶ አያውቅም፤ አለቆቹ ሲመጡ እንኳ አይነሣም ነበር። ከዚያ ወረደ። ከኪሱ መፍቻውን አወጣና የፊተኛውን ወንበር በሚስቱ ቁመት ልክ ዝቅ አድርጎ አሰረው።

«ሞክሪው እስቲ» አላት።

የኋላ ወንበር ለሾፌር መከራ ነው። መሪው መሪ መስሎ የተሠራ ብረት እንጂ አይዞርም። ቀኝ እግሩ ፍሬን ይፈልጋል፣ ፍሬን የለም። ባልዲዎቹ ጋ ሲደርሱ፣ «እለፊውና ሰፋ አድርገሽ ያዥ» ብሎ ከኋላ አዘዛት።

«አንተ ዝም ብለህ ርገጥ» አለችው፣ እና አለፉ። ፖስተኛዋም ባልዲዎቹን አነሣች።

የጉዞው ቀን ከከተማው የወጡት እሱ ሲነዳበት በኖረው መንገድ ነው። ፌርማታዎቹን ሲያልፉ ሰውነቱ ደረቅ ይላል፤ እሷ አትቆምም። ቀስ በቀስ መንገዱን መጠበቅ የእሱ ሥራ አለመሆኑ ገባው። ግራ ቀኙን ማየት ጀመረ። የሰው በረንዳ አየ፣ ልብስ ሲሰጣ አየ፣ አውቶቡስ የሚጠብቁ ሰዎችን በእጁ ሰላም አለ። ደስ አለው፤ ምን ይደበቃል።

ድልድዩ ላይ ሲደርሱ ውሃው ከታች ይታያል፣ መታጠፊያውም ከፊታቸው ተደቀነ። እለፊው፣ ሰፋ አድርጊው የሚለው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠው። እሷ ወደ ግራ ስታዘነብል እሱም አብሯት አዘነበለ፤ መታጠፊያውን ጨርሰው ቀጥ ያለው መንገድ ላይ ወጡ።

«ዝም አልክሳ» አለች ፊቷን ሳታዞር። «አለህ?»

«አለሁ። ከኋላሽ ነኝ።»

ጥቂት መንገድ ረገጠች። «ማታ ማታ የአውቶቡስ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር እንደዚህ እጠይቅህ ነበር» አለች። «እዚያው የስፌት መኪናዬ ላይ ሆኜ፣ አለህ? እላለሁ። የሚመልስልኝ አልነበረም እንጂ።»

ጋሽ ፌርማታ ባለ በሌለ ኃይሉ ፔዳሉን ረገጠው።

«ቀስ በል፣ ልትጥለን ነው» አለችው።

እሱም ቀስ አለ።