ለ… ምን

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ዛሬ ጠዋት ሸሚዛችሁን ስትቆልፉ የትኛው እጃችሁ ቁልፉን እንደያዘ፣ የትኛው ቀዳዳውን እንደከፈተ ታውቃላችሁ? አታውቁም። እኔም አላውቅም ነበር። እጅ ደህና ሲሆን ማን ያስበዋል! አሁን የማወራላችሁ ሴትዮ ግን ታውቃለች። ቁጭ በሉና የሷን ነገር ልንገራችሁ።

ልብስ ሰፊ ነበረች። መስኮት ሥር በተቀመጠች የእግር ስፌት መኪና ላይ ልጆቿን አሳድጋለች፣ ሰፈሩን አልብሳለች። የማን ትከሻ እንደሚያዘነብል፣ የማን ቦርጭ ከዓመት ዓመት እንደሚገፋ በዓይኗ ነበር የምትለካው። አንድ ቀን ጠዋት የሰው ቀሚስ እየዘመዘመች ሳለ መርፌው ከእጇ ወደቀ። ላንሳው ስትል እጇ እምቢ አለ። ቀጥሎ እግሯ፣ ቀጥሎ ምላሷ። ስትሮክ ነው አሉ ሐኪሞቹ። ነፍሷ ተረፈች፤ ቀኝ እጇ ግን እንደ ባዶ እጅጌ ተንጠልጥሎ ቀረ። ቀኝ እግሯ ይጎተታል። ቃል ደግሞ አፏ ውስጥ እየተሰበረ ግማሽ ግማሹ ይወጣል።

ድሮ ጸሎቷ ከመኪናዋ ጋር አብሮ ነበር የሚሄደው። እግሯ መርገጫውን ይመታል፣ ከንፈሯ እግዚአብሔርን ያመሰግናል። ከታመመች ወዲህ ግን ጸሎቷ አንድ ቃል ብቻ ሆነ፦ ለምን? ለምን ጌታዬ? ሌላ አካል አጥተህ ነው የምበላበትን እጄን የወሰድከው? በልቧ እንዲህ አድርጋ ትሞግተዋለች። በአፏ ሲሆን ግን ያቺ ቃል እንኳ ሙሉ አትሆንላትም።

የመጀመሪያ ልጇ መኪናዋን አንሶላ አለበሰቻት። ክፉ ልጅ ሆና አይደለም፤ እናቷ መኪናዋን ባየች ቁጥር ፊቷ ሲጠቁር አላስችል ብሏት ነው።

«እማዬ፣ ገዢ አግኝቻለሁ» አለቻት። «ቅዳሜ መጥቶ ይወስዳታል። ከዓይንሽ ትራቅ፣ ይሻልሻል።»

እናት አንሶላውን አየች። የምትለው ብዙ ነበር፤ ምላሷ ግን አልታዘዝ አላት። ልጅ ዝምታውን እሺታ አድርጋ ወሰደችው።

በዚያው ሳምንት እናት እንደ ልማዷ ፊዚዮቴራፒ ሄደች። ክፍሉን ታውቁት ይሆናል፦ አንድ ረጅም አግዳሚ፣ አንድ ትልቅ መስታወት፣ ሰው ተደግፎ መራመድ የሚለማመድበት ብረት። ጠዋት ጠዋት እዚያ የምታገኘው አንድ ሽማግሌ ነበር። የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሾፌር የነበረ ነው፤ እሱንም እንደሷ ቀኝ ጎኑን መትቶታል። እግሩ እምቢ ባለው ቁጥር «ፍሬን በጠሰ!» እያለ ስለሚጮህ ስሙ ፍሬን ሆኖ ቀረ።

«እትዬ፣ የኔ የቀኝ ጎማ ተንፍሷል። ያንቺስ?» ይላታል።

«የ…ኔም።»

«እንግዲያው አንድ ጋራዥ ነው የገባነው!»

የዚያን ቀን ግን ቀልዱ ከዳው። ልምምዱን ጨርሶ ደረቱን እንደከፈተ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። ወደ ቤት የምትወስደው የልጁ ሚስት ናት፣ ገና አልመጣችም። በግራ እጁ ቁልፉን ይይዛል፣ ወደ ቀዳዳው ይገፋዋል፣ ያመልጠዋል። ደግሞ ይይዛል። ላቡ ጠብ ጠብ ይላል።

«ስንት ዘመን የአውቶቡስ ቁልፍ ይዤ፣ ያን ሁሉ ሕዝብ ጭኜ ገደል ስወርድ ኖሬ፣ የሸሚዝ ቁልፍ ታሸንፈኝ?» አለ ጮክ ብሎ።

ክፍሉ ሳቀ። እሱም ሳቀ። ሰዉ ፊቱን ወደየልምምዱ ሲያዞር ግን ዓይኑ ሞልቶ አየችው።

«የልጄ ሚስት ጎንበስ ብላ ደረቴን ስትቆልፍልኝ» አላት በለሆሳስ፣ «ያኔ ነው የምሞተው፣ እትዬ።»

ልብስ ሰፊዋ እጅ ላይ ልምምዱን የምታሠራቸው ሲስተር የሰጠቻት ነገር ነበር፤ የደከመ እጅ የሚታሰርበት ቀበቶ። ጫፉ ላይ እንደ ልጆች ጫማ የሚለጠፍ፣ ሲላቀቅ ጨርር የሚል ማጣበቂያ አለው። የሽማግሌውን ዓይን ስታይ የራሷም ሐዘን ተነሳባትና ቀና ብላ ያቺን የለመደቻትን ቃል ወደ ጣሪያው ወረወረች።

«ለ… ምን?»

እግዚአብሔርን ነበር የጠየቀችው። ሽማግሌው ግን ስለ ቀበቶው እሱን የጠየቀችው መሰለው።

«ለምን? ለሸሚዜ ነዋ!» አለና አፍንጫውን በክንዱ ጠረገ። «ይቺን ማጣበቂያ ደረቴ ላይ ብትተክይልኝ፣ ለጥ አድርጌ ዘግቼ እሄድ ነበር።»

እየቀለደ ነው። እሷ ግን አልሳቀችም። ቀበቶውን አየችው። በግራ እጇ ጨርር አደረገችና መልሳ ለጠፈችው። ደግሞ ጨርር።

ያን ሁሉ ጊዜ በልቧ አንድ ላይ ይዛት የኖረችውን ቃል የተሰበረ ምላሷ ለሁለት ከፍሎላት ነበር፤ ለ… ምን። ለምን ነገር? ለየትኛው ሥራ? የመጀመሪያዋ «ለምን» ወደ ኋላ ዞራ ጥፋተኛ ስትፈልግ ነበር የከረመችው። ይቺኛዋ ወደ ፊት ታያለች። መልሷ ደግሞ ከነላቡ አጠገቧ ተቀምጧል።

«ሸ…ሚዝ» አለችው። «አም…ጣ።»

«ራቁቴን ልግባ እንዴ?»

«ነ…ገ! ሌ…ላ!»

በማግስቱ ሸሚዙ መጣ፤ ሲስተሯም ለቀበቶ ከተረፈው ማጣበቂያ ሰጠቻት። ልብስ ሰፊዋም ቤት ገብታ አንሶላውን በግራ እጇ ጎትታ ጣለችው።

ቀላል እንዳይመስላችሁ። መቀሱን በግራ ስትይዘው ጨርቁን ያኝከው ጀመር። መቀስ ለቀኝ እጅ እንደሚሠራ እስከዚያ ቀን ልብ ብላው አታውቅም። ተወችውና በምላጭ ቀደደች። ጨርቁ አልቆም ብሎ ሲንሸራተት የሞተውን ቀኝ እጇን በግራዋ አንስታ ላዩ ላይ አጋደመችው። ከብዷል፤ ጨርቁን ቀጥ አድርጎ ያዘው። «ለ…ዚህ» አለች ለራሷ፣ ፈገግ ብላ። መርገጫው ላይ ግራ እግሯን ስታሳርፍ ደግሞ መዘውሯ ወደ ኋላ ዞረችና ክሩ ተበጠሰ። አስገባች፤ ተበጠሰ። እንደገና።

ልጇ ከሥራ ስትገባ ያገኘቻት በላብ ተነክራ፣ ጭኗ ላይ የተወሳሰበ ክር ተከምሮ ነው።

«እማዬ! ምን እየሆንሽ ነው? ትወድቂያለሽ እኮ!»

«ል…ውደቅ።»

«ሰው ምን ይለናል? እናታቸውን ከነበሽታዋ ያሠሯታል አይለንም?»

«ይ…በል።»

ልጅ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ማልቀስ ጀመረች። «እጅሽ እኮ ላይመለስ ይችላል። ሐኪሙ ነግሮናል። ተስፋ አድርገሽ ደግሞ እንዳትሰበሪብኝ ነው የምፈራው።»

እናት እጇን ከመኪናዋ ላይ አንስታ የልጇ ራስ ላይ አሳረፈች። የምትለውን ለማለት ረጅም ጊዜ ፈጀባት፤ ልጅም ጠበቀቻት።

«አው…ቃለሁ። ጌታም… ከሞት… ሲነሳ… የእጁ ቁስል… አብሮት ነበር። አል…ደበቀውም።»

ልጅ ከወለሉ ተነሳች። አንሶላውን ግን መልሳ አላለበሰችም።

ቅዳሜ ገዢው መጣ፤ ወፈር ያለ፣ ትሁት ሰውዬ። መኪናዋን ዞር ዞር ብሎ አያት። «ጥሩ ዕቃ ናት። እንጫናት?»

የሸሚዙ አንደኛው ጎን ተሰፍቶ ሁለተኛው ገና ጅምር ነበር። ሴትዮዋ ቀና ሳትል «ተ…ቀመጥ» አለችው። ሰውዬው ግራ ገብቶት ልጅቷን አየ፣ ከዚያ ተቀመጠ።

ሰፋች። ክሩ ተበጠሰ። ሰውዬው ሊረዳት ብድግ ሲል በዓይኗ መልሳ አስቀመጠችው። አስገባች፣ ቀጠለች። ስፌቱ እንደ እባብ ተጣሟል፤ ድሮ ቢሆን ይህን የመሰለ ስፌት ከማንም አትቀበልም፣ ተርትራ ነበር የምትጥለው። አሁን አልተረተረችም። «ጌታዬ፣ አንተ ያዘኝ» እያለች በልቧ፣ እስከ ጫፍ ሄደች። መጨረሻ ላይ ክሩን በግራ ጥርሷ በጠሰችው።

ልጅቷ ቆማ ስታይ ቆይታ ወደ ሰውዬው ዞረች።

«ይቅርታ ወንድሜ። አይሸጥም።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ ለምን አስቀመጣችሁኝ?»

«እኔም አሁን ነው የወሰንኩት» አለች ልጅ፣ ዓይኗን እየጠረገች። ሰውዬው ሳቀና ባዶ እጁን ወጣ።

ሰኞ ፍሬን ሸሚዙን ለበሰ። ሲስተሯ «የታመመው እጅ ይቅደም!» እያለች ታዝዛለች። ቁልፎቹ እንደ ማንኛውም ሰው ሸሚዝ ደረቱ ላይ ተደርድረዋል፤ ለዓይን ናቸው። ሥር ሥሩን ግን ማጣበቂያው አለ። በግራ መዳፉ ከላይ እስከ ታች ለጥ ለጥ አደረገና ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ከዚያ አላመነም መሰለኝ፣ ጨርር አድርጎ ከፍቶ እንደገና ዘጋው።

«ሲስተር! ፍሬኑ ያዘ!» ብሎ ጮኸ።

የልጁ ሚስት መጣችና እንደ ልማዷ ጎንበስ ብላ እጇን ወደ ደረቱ ዘረጋች።

«ተቆልፏል፣ የኔ ልጅ» አላት፣ ደረቱን ነፍቶ።

ልብስ ሰፊዋ ፊቷን ወደ መስታወቱ አዞረች፤ እንባዋን ማንም እንዲያይባት አልፈለገችም።

አልዋሻችሁም፤ እጇ እስከ ዛሬ አልዳነም። ብርድ ሲሆን ያማታል። አንዳንድ ጠዋት ያቺ የድሮዋ «ለምን» ትመጣባታለች። ያኔ ቀስ ብላ፣ ለሁለት ከፍላ ትላታለች፣ ከዚያ የሞተውን እጇን አንስታ ጨርቁ ላይ ታጋድማለች። ከአግዳሚው ሌሎቹ ታማሚዎችም ሱሪና ቀሚሳቸውን ይዘው መምጣት ጀምረዋል። ስፌቷ አሁንም ትንሽ ይጣመማል። የሚያማርር አልተገኘም።

ነገ ጠዋት ሸሚዛችሁን ስትቆልፉ፣ አንገታችሁ ጋ ሳትደርሱ፣ እባካችሁ በጸሎታችሁ አስቧት።