የሀዋኒ አጎት

"ወንድም የለኝም እያልኩዎት ነው!" አለች ቀለሟ፤ ይህን ስትናገር ሦስተኛ ጊዜዋ ነበር። "እናቴ አምስት ሴት ወልዳ ነው ያቆመችው። ወንድም ከየት አምጥቼ ልላክልዎ?"

ምክትል ርዕሰ መምህሩ ፍቅረሥላሴ ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ፎርም በስክሪብቶው ጫፍ ጠቆመ። "ይኸው ፊርማው። 'የተማሪዋ አጎት' ይላል። ምናልባት በአባቷ በኩል ይሆናል።"

"የአባቷ ወንድም ያለው ጊኒር ነው። ከሠርጋችን ወዲህ ሮቤን ረግጦ አያውቅም።"

"እኔ የዘር ሐረግ አልመረምርም፣ ወይዘሮ ቀለሟ። ወላጅ ጠራን፤ ሰው መጣ፤ ፈረመ። ማህተም አረፈበት። አለቀ።"

ቀለሟ ፎርሙን ወደ ራሷ ሳበችው። ተማሪ ሀዋኒ ደራራ ለሦስተኛ ጊዜ ካጠፋች ያለ ተጨማሪ ማስጠንቀቂያ መሸኛዋ ተሰጥቷት እንድትሰናበት ተስማምቻለሁ ይላል። ከሥሩ እንደ ጅራፍ የተጠመዘዘ ፊርማ አለ። ሦስተኛው ጥፋት ደግሞ የዛሬው ነው። ጠዋት የሦስተኛ ክፍል ልጆች የሒሳብ ፈተና ላይ ተደፍተው ሳለ ወደ ስንዴ ማሳ የሚሄድ ኮምባይነር በአስፋልቱ አለፈ። ሀዋኒ ዴስክ ላይ ወጥታ "ቀዩ ነው! ትልቁ ቀዩ ነው!" ብላ ጮኸች። የክፍሉ እኩሌታ መስኮት ላይ ተረባረበ፤ ያልተነሣው እኩሌታ ደግሞ የተነሡትን ወረቀት ገለበጠ። ፈተናው ተሰረዘ።

በኅዳር ወር መሸኛ ይዞ የሚመጣ ልጅ የሚቀበል ትምህርት ቤት እንደማይገኝ ቀለሟ ታውቃለች። ልጅቷ ዛሬ ከተሸኘች ዓመቱን ሙሉ ቤት መቀመጧ ነው።

"ቆይ፣ መቼ ጠራችሁኝ?" አለች። "አንድ ቀን እንኳን ነይ የሚለኝ ሰው አልመጣም።"

"ሦስት ደብዳቤ!" አለች ከመስኮቱ ሥር የቆመችው መምህርት ቢፍቱ። የሀዋኒ ክፍል ኃላፊ እሷ ናት። የጠመኔ ብናኝ እስከ ክርኗ ድረስ አልብሷታል፤ ድምጿ ከጠዋት ጀምሮ ስትጮህ እንደዋለች ያስታውቃል። "በሦስት ሳምንት ሦስት ደብዳቤ ጻፍኩልሽ፤ ለአንዱም መልስ የለም። እኔማ ንቃኝ ነው ብዬ ተቀይሜሻለሁ።"

"በማን እጅ ላክሽው?"

"በማን ይሆናል? በልጅሽ ነዋ!"

ሁሉም ወደ አግዳሚ ወንበሩ ዞሩ። የዘጠኝ ዓመቷ ሀዋኒ አንድ እግሯ ካልሲ አለው፣ አንዱ የለውም። ከተቀደደው የወንበር ልብስ ውስጥ ስፖንጅ እየመዘዘች በቁመቱ መደዳውን ደርድራዋለች። ሲያዩዋት ጊዜ በመዳፏ ሸፈነችው።

"ሀዋኒ፣" አለች ቀለሟ ጥርሷን ነክሳ፣ "አጎት ብለሽ ያመጣሽው ማንን ነው?"

"ረዲን።"

"የትኛው ረዲ?"

"የባጃጁ ረዲ ነዋ፣ እማዬ። ቲቸር ወላጅ ካላመጣሽ አትገቢም አለችኝ። አንቺ ቢሮ ነሽ። በር ላይ ሳለቅስ ረዲ 'በቃ ዝም በይ፣ እኔ እገባልሻለሁ' አለ። ከዚያ አጎቷ ነኝ አለ። ከዚያ ጋሼ ፈርም አሉት። ከዚያ ገባሁ። ያን ቀን እኮ ሳይንስ ነበረን፣ ስለ እንቁራሪት..."

"በቃ!"

ቀለሟ ስልኳን አውጥታ ደወለች። "ረዲ፣ አሁኑኑ ትምህርት ቤት ና። ተሳፋሪ ይዤአለሁ አትበለኝ። አውርዳቸው!"

ቀለሟ ወንበሩ ላይ ከልጇ አጠገብ ተቀመጠች። ከመሥሪያ ቤት የወጣችው ለግማሽ ሰዓት ብላ ነበር፤ አንድ ሰዓት ሊሞላት ነው። ዛሬ ጠዋት እንኳ የልጅቷን ጫማ ፍለጋ ሃያ ደቂቃ ፈጅተዋል። ጫማው የተገኘው የዶሮ ቤቱ ጣራ ላይ ነበር። ለምን እዚያ እንደተቀመጠ ቢጠየቅ ምክንያት ነበረው፤ ረጅም ምክንያት፤ ቀለሟ ግን ለመስማት ጊዜ አልነበራትም። ፊትሽን ታጠቢ፣ ደብተርሽን ያዢ፣ በሩን ዝጊ ብላ የላከቻት ልጅ ፊቷን ታጥባ፣ ውሃውን ሳትዘጋ፣ ከጎረቤት ውሻ ጋር ስትጫወት ትገኛለች። ቀለሟ መክራለች፣ ለምናለች፣ በቀበቶም ገርፋለች። ከግርፋቱ በኋላ ያለቀሰችው ይበልጥ እሷ ነበረች፤ ሀዋኒ እንባዋን ጠርጋ ቀበቶው ላይ ስንት ቀዳዳ እንዳለ ቆጠረችላት። አባቷ ደራራ በመኸር ሰሞን ከማሳ አይመለስም። ሲደወልለት "ተያት ባክሽ፣ እኔም ልጅ ሆኜ እንደዚያው ነበርኩ" ይላል። ይህን እንደ ማጽናኛ ይናገረዋል።

በጥቅምት መጀመሪያ ነው ጎባ ሆስፒታል የወሰደቻት። ወጣቱ ሐኪም ሁለት ጊዜ ቀጥሯቸው፣ ብዙ ጠይቆ፣ ልጅቷ በመሀል የጆሮ ማዳመጫውን አንገቷ ላይ ስታጠልቅ እንኳ ሳይቆጣ፣ ነገሩ ትኩረትን የመሰብሰብና ከልክ ያለፈ የመቅበጥበጥ ችግር መሆኑን ነገራት። "ስንፍና አይደለም፤ የአስተዳደግ ጉድለትም አይደለም" አላት። ቀለሟ ሚኒባሱ ሮቤ እስኪደርስ ድረስ ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ብቻ ስታመነዥክ መጣች።

"የሐኪሙን ወረቀት አንብባችሁት ቢሆን ኖሮ፣" አለች አሁን፣ "እዚህ ሁሉ ባልደረስን ነበር።"

ቢፍቱ ቀና አለች። "የምን ወረቀት?"

"ከጎባ የተጻፈላችሁ ነዋ! ምን ማድረግ እንዳለባችሁ አንድ በአንድ ዘርዝሮ የጻፈው። ከላክሁት ወር አልፎታል።"

"በማን እጅ?"

ቀለሟ የማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት። በአሥራ አንድ ዓመት ሥራዋ አንዲት ቁራጭ ወረቀት እንኳ ተቀባዩን በመላኪያ መዝገብ ላይ ሳታስፈርም ከእጇ ወጥታ አታውቅም። የልጇን የሐኪም ወረቀት ግን አጥፋ የልጅቷ ቦርሳ ውስጥ ከተተችና "ለቲቸር ስጪያት፣ እንዳትረሺ" አለች።

"እህ፣" አለች ቢፍቱ። ፈገግታ ቢጤ ሊያመልጣት ሲል ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች።

ረዲ ሲገባ በአንድ እጁ ኮፍያውን፣ በሌላው ጢም ያለ ትልቅ ፌስታል ይዞ ነበር። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ሀዋኒን ጠዋትና ማታ የሚያመላልሳት እሱ ነው። "አሰላሙ አለይኩም። አካም ጂርቱ፣ አዴ ቀለሟ? ምነው፣ በሰላም?"

"አንተ መቼ ነው አጎት የሆንከው?" አለች ቀለሟ።

"ወላሂ፣ አዴ ቀለሟ፣ ታለቅስ ነበር። በር ላይ ቁጭ ብላ። ጥዬ ልሂድ?"

"ለእኔ አትደውልም?"

"አትንገርብኝ አለችኛ።"

"እና ልጄን ከትምህርት ቤት ለማባረር ፈረምክ!"

ረዲ የተጠቆመውን ፎርም ጎንበስ ብሎ አነበበ፤ ሲያነብ ጆሮው ቀላ። "እኔ... ወላጅ መጥቷል ለማለት መስሎኝ ነው። ባጃጁ መንገድ ዘግቶ ቆሞ መኪና ጥሩንባ ያስጮህብኛል፤ እሳቸው 'እዚህ ጋ' አሉኝ፤ እዚህ ጋ ፈረምኩ።"

"ሳታነብ!"

"አይ አዴ፣ ማነው ፎርም የሚያነብ?"

የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ይህን ስትሰማ ዐይኗን ጨፈነች። ረዲ ግን ቁጣውን ለማብረድ ብሎ ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው። "ይኸው፣ ላመጣላችሁ ስል ነው የከረምኩት። የእሷ ነው ሁሉም። ባጃጅ ውስጥ ስትጥል እኔ እሰበስባለሁ።"

አራት ካልሲ፣ አንዱም ከአንዱ የማይገጥም። ሹራብ። ስድስት እርሳስ፣ አምስቱ ጫፋቸው የተበላ። ቀለሟ ሌቦች ሰረቁት ብላ ጎረቤት የተጣላችበት የምሳ ዕቃ። የአማርኛ ደብተር። ከደብተሩ ውስጥ ሦስት ማህተም ያለባቸው ደብዳቤዎች፣ ከነሱም ሥር በአራት የታጠፈ፣ ዘይት የነካው የሆስፒታል ወረቀት።

"ደብዳቤዎቼ!" አለች ቢፍቱ።

"ካልሲዬ!" አለች ሀዋኒ።

ፍቅረሥላሴ ዘይት የነካውን ወረቀት በሁለት ጣቱ ገለል አደረገው። "ደህና። ተገኘ፣ መልካም። ግን የተፈረመ ፎርም የተፈረመ ነው። እኔ ማህተም ያረፈበትን ሰነድ ዝም ብዬ አልቀድም፤ ነገ ወረዳ ቢጠይቀኝ ምን እላለሁ?"

"ወረዳ ቢጠይቅዎት እኔም አንድ ነገር እላለሁ፣" አለች ቀለሟ። ብድግ አለች፤ ድምጿ ግን ዝቅ አለ፤ ባለጉዳይ ሲያመናጭቃት በመሥሪያ ቤት የምታወጣው ድምፅ ነው። "ሲፈርም መታወቂያ ጠይቀውታል?"

ፍቅረሥላሴ ስክሪብቶውን ከደነ።

"የመታወቂያ ቁጥር የሚጻፍበት ቦታ ይኸው ባዶ ነው። ከመንገድ የገባ ሰው አጎቷ ነኝ ስላለ ብቻ የልጅ ዕጣ አስፈረሙት። ነገ ሌላው መጥቶ አጎቷ ነኝ፣ ልውሰዳት ቢልስ?"

"እኔን ነው እንዴ እንደዚያ የምትዪው?" አለ ረዲ ተከፍቶ።

"አንተ ዝም በል!" አሉት ሁለቱም ባንድነት።

በዚህ መሀል ቢፍቱ የሐኪሙን ወረቀት አንሥታ ወደ ብርሃኑ ጠጋ ብላ ታነብ ነበር። ፊት ወንበር ትቀመጥ፤ ከመስኮትና ከበር ትራቅ። ትእዛዝ ሲሰጣት አንድ በአንድ ይሁን። ሥራው ተቆራርሶ ይሰጣት። በየመሀሉ ተነሥታ እንድትንቀሳቀስ ምክንያት ይፈለግላት። ስትሳሳት ብቻ ሳይሆን ሲሳካላትም ይነገራት።

"ስልሳ አራት ልጅ ነው ያለኝ፣" አለች ለማንም ሳይሆን። "ስልሳ አራት! ለየአንዳንዱ አንድ በአንድ ስናገር ቀኑ ይበቃኛል?"

"እኔ አንድ ናት ያለችኝ፣" አለች ቀለሟ ዐይኗን ከፎርሙ ሳታነሣ፣ "እሷንም አልቻልኳት።"

ቢፍቱ አየቻት። በሦስት ሳምንት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀየመቻትን ሴት ሳይሆን ጫማዋን አቧራ የሸፈነውን፣ ከሥራ ሮጣ የመጣችውን ሴት አየች። ወደ ወረቀቱ ተመለሰች። "ጠመኔ ስልካት እኮ፣" አለች ቀስ ብላ፣ "ተመልሳ አርፋ ትጽፋለች። እኔ የምልካት ትንሽ ልረፍ ብዬ ነበር።"

የሰማት ሀዋኒ ብቻ ናት። "ሁለቴ ብትልኪኝ የበለጠ እጽፋለሁ፣" አለቻት።

በጠረጴዛው ዙሪያ ስንብቱን የሚሽር አዲስ ወረቀት ተጀምሯል። ፍቅረሥላሴ የቀድሞው ፎርም "በስሕተት" ተሞላ ተብሎ እንዲጻፍ አልፈቀደም፤ ስሕተት የሚለው ቃል የትምህርት ቤቱን ስም ያጎድፋል። ቀለሟ ደግሞ "በወላጅ ጥያቄ" የሚለውን አልቀበልም አለች፤ እሷ የጠየቀችው ነገር የለም። ረዲ "ለምን 'በአጎቷ ጥያቄ' አትሉትም?" ብሎ እንደገና ዝም እንዲል ተነገረው። ቀን መጀመሪያ ይጻፍ ወይስ ቁጥር በሚለው ተከራከሩ። ማህተሙ የተቆለፈበት መሳቢያ ቁልፍ ታጣ፤ ፍቅረሥላሴ ኪሱን ሁሉ ዳበሰ።

ደወል ተደወለ። ቢፍቱ የሐኪሙን ወረቀት አጥፋ ከስም መጥሪያ መዝገቧ ሽፋን ጋር አያያዘችው። ከመስኮቱ ጫፍ የጠመኔ ሳጥኑን አነሣችና ለሀዋኒ ሰጠቻት፤ ቦርሳዋን ራሷ ያዘችላት።

"'ከዛሬ ጀምሮ' ይበሉ፣" ትላለች ቀለሟ ወረቀቱ ላይ እንደ ተደፋች፣ "'እስከ ዓመቱ መጨረሻ' የሚለውም ይግባ፣ አለበለዚያ..."

ቢፍቱ በሩን በትከሻዋ ገፋ አደረገችው፤ ሀዋኒ የጠመኔ ሳጥኑን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አቅፋ በፊቷ ወጣች፤ ሁለቱም በረንዳውን ይዘው ወደ ሦስተኛ ክፍል ሄዱ።