ቱታውን ያጠበችው

ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቃት ስለ ሥራዋ ነበር።

«ዕድሜዬን ያሳለፍኩት መኪና ላይ ነው» አለች። «ስፌት መኪና ላይ ማለቴ ነው እንጂ ሹፌር አይደለሁም።»

ሐኪሙ አልሳቀም። ካንሰሩ የበቀለው ሳንባዋን በሸፈነው ስስ ሽፋን ላይ መሆኑን፣ ሜሶቴሊዮማ እንደሚባል፣ አብዛኛውን ጊዜም የሚመጣው ከአስቤስቶስ ብናኝ እንደሆነ ነገራት። ከዚያ ዓይኑ አጠገቧ ወደተቀመጠው ባሏ ዞረ።

«እርስዎስ ምን ይሠሩ ነበር?»

ባሏ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በፋብሪካ ቦይለር ክፍል ውስጥ የእንፋሎት ቧንቧ በአስቤስቶስ ሲጠቀልል የኖረ ሰው ነው። ከሥራ ሲመለስ በብናኙ ነጥቶ ወፍጮ ቤት የዋለ ይመስል ነበር። እሷ ቱታውን በር ላይ አራግፋ ትዘፈዝፈው ነበር። ይህን ለሐኪሙ ሲናገር ድምፁ እየወረደ፣ እየወረደ ሄዶ መጨረሻው አልተሰማም። እሱን ራሱን ግን ሳል እንኳ ይዞት አያውቅም።

ኮሪደሩ ላይ ሲወጡ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ።

«በቃ ዝም ልትል ነው?» አለችው።

«ምን ልበል?»

«ማናችንም አላወቅንም። አሁን ደግሞ አንተን የማባብልበት አቅም የለኝም፤ ና እንሂድ።»

የመጀመሪያው መድኃኒት ትንሽ ረድቷት መሥራቱን አቆመ። ቀጥሎ ሌላ ሐኪም፣ ጥናት የምታካሂድ ሴት፣ አነጋገረቻት። «ሰውነትዎ የራሱ ወታደሮች አሉት» አለቻት። «ካንሰሩ አደንዝዟቸዋል። ይህ መድኃኒት ካንሰሩን ራሱ አይገድልም፤ እነሱን ነው የሚቀሰቅሰው። ገና በሙከራ ላይ ነው።»

«ከነቁ በኋላስ ማንን እንደሚመቱ ማን ይነግራቸዋል?»

ሐኪሟ መለሰችላት፦ «እሱን ነው የምናጠናው።»

ልብስ ሰፊዋ ይህን መልስ ወደደችው፤ መድኃኒቱን ለመውሰድ ግን አልቆረጠችም። ቤት ስትደርስ ልጇ «እማ፣ ሞክሪው፣ በናትሽ» እያለች ነዘነዘቻት። እሺ አለች። ተስፋ አድሮባት ሳይሆን እምቢ ብሎ መከራከሩ ስለደከማት ነው።

መድኃኒቱ በደም ሥሯ እየተንጠባጠበ ሲገባ ባሏ ወንበሩ ላይ ያንቀላፋል፤ እሷ የደንበኛ ልብስ ላይ ቁልፍ ትተክላለች። ከወራት በኋላ የተነሣችው የደረት ምስል የካንሰሩ እብጠት መቀነሱን አሳየ። ልጃቸው አለቀሰች። ባሏ ለማያውቃቸው ሰዎች ሁሉ እየዞረ ተናገረ። እሷ ግን «ስለዚህ ጨርሰናል?» ብላ ጠየቀች፤ አልጨረሱም።

ወዲያው ወታደሮቹ ወደ አንጀቷ ዞሩ። ከመጸዳጃ ቤት መለስ ማለት አቃታት፤ ሆስፒታል ተኛች፤ ቁጣቸውን ለማብረድ በተሰጣት መድኃኒት ፊቷ እንደ ሊጥ ተነፋ። ቤት ከተመለሰች በኋላም አንሶላዋን የሚያጥበው ባሏ ነበር። በመስኮት ታየዋለች።

«እሜቴ፣ ይሄ አረፋ አልለቅ አለኝ እኮ!»

«ውኃውን ቀይረው እንጂ ሰውዬ! ሾርባ ነው የምትሠራው?»

ስታገግም ሐኪሟ ሁለቱን ጠርታ አስቀመጠቻቸው። በጥንቃቄ እንደገና መጀመር ይቻላል፤ አንጀቷ ግን ዳግም ሊቆጣ ይችላል። አቁሞ መከታተልም ይቻላል፤ ካንሰሩ ባለበት ይቆም ወይም ይነሣ እንደሆን ግን በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም።

«ትቀጥላለች» አለ ባሏ።

«ማን ነው የምትቀጥለው?»

«አንቺ ነሻ! ዝም ብዬ ልይሽ? እኔ ባመጣሁት ጣጣ?»

ሴትዮዋ ረጅም ትንፋሽ ልትወስድ ሞከረች፤ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። «ንገረኝ እስቲ» አለችው፣ ሳትቆጣ። «መርፌውን የምወጋው እኔ ድኜ እንድኖር ነው ወይስ አንተ ቀሎህ እንድትተኛ?»

ባሏ ወደ ሐኪሟ ዞረ።

«እሷ የምትለው ይሁን» አለ።

አቆመች። ካንሰሩም ባለበት ቆመ፤ ክረምቱ አለፈ፣ በጋው አለፈ። ሐኪሟ ለምን እንደሆነ በትክክል እንደማታውቅ፣ ምናልባትም ወታደሮቹ ሥራቸውን ስላልረሱት ሊሆን እንደሚችል ነገረቻት። ልብስ ሰፊዋ መኪናዋ ላይ ተመልሳ ለልጇ ኮት ሰፋች፤ ሰው ቤት ሄዳ ተጫወተች፤ ከባሏ ጋር በማይረባ ነገር ተጨቃጨቀች።

ከዚያ ካንሰሩ ተነሣ፤ ሳንባዋ ዙሪያ ውኃ ሞላ። ሐኪሟ ውኃውን በመርፌ ቀድታላት ስታበቃ ሌላ ጥናት መኖሩን አስረዳቻቸው፤ ከራሷ ደም ሴሎች ተወስደው፣ ካንሰሩን እንዲለዩ ተደርገው ወደ ሰውነቷ የሚመለሱበት።

ልብስ ሰፊዋ ወደ ባሏ ዞረች። «አንተስ ምን ትላለህ?»

«እኔም ደክሞኛል» አለ። እንዲህ ሲል ሰምታው አታውቅም። እጁን ያዘችው፤ ሐኪሟን አመስግነው፣ ጥናቱ ይቅርብን ብለው ወጡ።

አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ሲደርሱ ትንፋሽ አጥሯት አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። አውቶቡሱ መጥቶ በሩን ከፈተ፤ ሹፌሩ አያቸው።

«ይሄኛው ይለፈን» አለች።

«ይለፈን» አለ፣ ተጠግቷት እየተቀመጠ።