ሙት የተላጨበት ምላጭ

ኔቪል ዕድሜውን ሙሉ ቆሻሻ ሲያይ የሚያቅለሸልሸው ሰው ነው። ሳህኑ ላይ አንዲት ጸጉር ካየ ምግቡ ቀረ ማለት ነው፤ ሰው ያነጠሰበትን አውቶቡስ ለቆ በእግሩ ይሄዳል። ታዲያ እንዲህ ያለው ሰው እሑድ ጠዋት፣ እንግሊዝ አገር ሼፊልድ ከተማ ውስጥ፣ ጭቃ በጭቃ በሆነ የአሮጌ ዕቃ ገበያ፣ የሙታን ምላጭ ከተደረደረበት ጠረጴዛ ፊት ምን ሊያደርግ ቆመ? ራሱ ባመጣው ጣጣ ነዋ!

እናቱ ሂልዳ ረቡዕ ዐረፉ። በማግስቱ ኔቪል ጓንቱን አጥልቆ የወላጆቹን ቤት ሊያጸዳ ገባ። መታጠቢያ ክፍሉ ውስጥ፣ አንድ ኩባያ ውስጥ የተከተተ፣ የድሮ ታጣፊ ምላጭ አገኘ። መጋጠሚያው ላይ ሽበትና ሳሙና አብረው ደርቀው እንደ እከክ ተጋግረዋል። ኤዲያ! ምንም ሳያስብ ከነኩባያው ላስቲክ ውስጥ ጥሎ ቋጠረው፤ ዓርብ ጠዋት የቆሻሻ መኪና ወሰደው።

ያ ምላጭ የአባቱ የክላረንስ ነበር። ሽማግሌው የሥራ ዘመናቸውን ምላጭ ፋብሪካ ውስጥ ስለት ሲያወጡ የኖሩ ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት ግን ቀኝ ጎናቸው ሽባ ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ የሚላጯቸው ሂልዳ ነበሩ። አሁን ቀብሩ ነገ ጠዋት ነው፤ ክላረንስም ወንበራቸው ላይ ተጎልተው አንድ ነገር ብቻ ይላሉ።

«ጺሜን አንጨፍርሬ ሂልዳን አልሸኝም። ያንን ያንተን የላስቲክ መላጫም ፊቴ ላይ አታሳርፍብኝም፤ ዶሮ አይደለሁም የምትነጨኝ! ምላጬን የጣልከው አንተ ነህ፣ ምላጭ አምጣ።»

«ጎረቤት ያለውን ጸጉር አስተካካይ ብለምነውስ አባዬ?»

«ማንም ባዳ አንገቴ ላይ ስለት አያሳርፍም። እምቢ ካልክ ሂድና ብቻህን ቅበራት።»

ክላረንስ አሉ ማለት አደረጉ ማለት ነው። ለዚህ ነው ኔቪል ጭቃውን ረግጦ የመጣው።

የጠረጴዛው ባለቤት ሜቪስ የምትባል፣ ሲጋራዋ ከከንፈሯ የማይወርድ አሮጊት ናት። ዕቃውን ሲያገላብጥ ትንሽ አየችውና ሳቋ አመለጣት።

«የመጀመሪያህ ነው አይደል፣ ሆዴ?»

«በምን አወቁ?»

«እንደ ሞተ አይጥ በሁለት ጣትህ ነዋ የምታነሳው!»

ከክምሩ ውስጥ አንዱን መዛ ዘረጋችለት። ጀርባው በዝገት ተዥጎርጉሯል፤ እጀታው ወዝ ጠጥቶ ጠቁሯል፤ መጋጠሚያው ውስጥ ቀያይ የጺም ቁርጥራጭ ተሰግስጓል። «ይሄን ውሰድ። ባለቤቱ እስከ ሞተበት ሳምንት ተላጭቶበታል።»

እፍ! ኔቪል እጁን ወደ ኋላ ሰበሰበ። ዓይኑ ግን ዳር ላይ ያለ ሌላ ምላጭ አይቷል፦ እጀታው ነጭ፣ ብረቱ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ፣ አንዲት ነጥብ የሌለበት።

«እሱ ለዓይን ያምራል፤ ግን…» አለች ሜቪስ።

«ይሄንኑ ነው የምፈልገው።»

«እንግዲህ አንተ ታውቃለህ» ብላ በጋዜጣ ጠቀለለችለት።

ቤት ሲደርስ ክላረንስ ምላጩን በግራ እጃቸው ተቀበሉ። ወደ ጆሯቸው አስጠግተው ብረቱን በአውራ ጣታቸው ጥፍር መታ አደረጉና ድምፁን አዳመጡ። ከዚያ ወለሉ ላይ፣ ኔቪል ትናንት በወለወለው ወለል ላይ፣ እንትፍ አሉ።

«ይሄም ምላጭ ተብሎ! ዝገቱን ሊያጠፉ በሞተር መወልወያ ፈትገውታል። ብረቱ ግሎ ሞቷል፤ ብትስለው ስለት አይዝም። ሬሳ ኩለው ሸጡልህ! ሌላ አልነበረም?»

«ነበረ… ግን አባዬ፣ የሰው ጸጉር ነበረበት። ዝገትም አለው።»

«ዝገቱ የት ላይ ነው?»

«ጀርባው ላይ።»

«ስለቱስ?»

ኔቪል አሰበ። «ስለቱ ንጹሕ ነበር።»

«እና እሱን ትተህ ይሄን? አንተ ገልቱ! ሂድ፣ ገበያው ሳይበተን!»

ሜቪስ ዕቃዋን ስትጭን ደረሰባት። እየሳቀች በዝገታሙ ምላጭ ለወጠችለት።

የዚያን ዕለት ከሰዓት ኔቪል መቼም አይረሳውም። ምላጩን በፈላ ውሃና በጥርስ ብሩሽ ሲፈትግ የማያውቀው ሰው ጺም እየተነቀለ እቃ ማጠቢያው ውስጥ ተንሳፈፈ። ከጺሙ ጋር ቡናማ ነገር ወጣ፤ ደም ይሁን ሳሙና ሊያውቅ አልፈለገም። የሽታው ነገርስ! የከረመ ላብና የደረቀ ሳሙና በእንፋሎቱ ነፍስ ዘርቶ አፍንጫው ውስጥ ገባ። ከዚያ የአባቱን መሳያ ድንጋይ አውጥቶ ይስል ጀመር፤ ሽማግሌው «አስተኛው! አትጫነው! ዱባ ነው እንዴ የምትከትፈው?» እያሉ ሲያዋርዱት ቆዩና፣ ሲመሽ ስለቱ ወጣ።

የቀብሩ ዕለት ጠዋት ክላረንስን መስኮቱ አጠገብ አስቀምጦ አረፋውን ቀባቸው። እሳቸውም ፊታቸውን የሚያዩበትን መስታወት በግራ እጃቸው ያዙ። ጺማቸው ውስጥ የትናንት ገንፎ ደርቋል። የተንጠለጠለው ቀኝ ከንፈራቸው ለሃጭ ያዝረበርባል፤ ደግሞ ቆዳውን በጣት ሳይወጥሩ መላጨት የለም። ግራ ጉንጫቸውን ጨርሶ ቀኙን ሲወጥር ጣቱ አዳልጦት አፋቸው ውስጥ ገባ። ሞቅ ያለ፣ ልስልስ ያለ ድድ ነካ። እግዚኦ!

«ውሃው… ውሃው ቀዝቅዟል» ብሎ ወደ ኩሽና ሮጠ። ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፍቶ አስመለሰ።

ሲመለስ አባቱ በመስታወቱ ውስጥ አዩት።

«አስመለሰህ።»

«ኧረ አይደለም አባዬ፣ ውሃ ልቀይር…»

«እናትህም እንዲሁ ነበረች። መጀመሪያ ሰሞን መሐል ላይ ትታኝ ትወጣና ቧንቧውን ትከፍታለች። የማልሰማ መስሏት! የሞተው እጄ እንጂ ጆሮዬ ነው እንዴ?»

ኔቪል ምላጩን እንደያዘ ቀረ። እናቱ ሲጸየፉ አይቶ አያውቅም፤ እሳቸው የሚቀፋቸው ነገር ያለም አይመስለው ነበር።

«ታዲያ ምን አልካት?»

«ምን እላታለሁ? ስትመለስ ፊቷ ላይ ምንም የለም። ‹ዛሬስ ሙሽራ መሰልክ› ትለኛለች። ሁለት ዓመት ሙሉ እየዋሸች ላጨችኝ።» የክላረንስ ድምፅ ተሰበረ። «አንተ ግን ፊትህ ያሳብቅብሃል። ከትናንት ጀምሮ እያየሁህ ነው። አስተካክለው።»

ኔቪል ፊቱን ሊያስተካክል ታገለ። ግንባሩን ሲያላላ አፍንጫው ይሸበሸባል፤ አፍንጫውን ሲይዝ ከንፈሩ ይጣመማል። ለሃጩ በእጁ አንጓ ላይ ሲወርድ ደግሞ ሁሉም ባንዴ ተበላሸበት።

አባቱ ይህን ሁሉ በመስታወቱ አዩ። ከዚያ መስታወቱን ገልብጠው ጉልበታቸው ላይ አስተኙትና አገጫቸውን ቀና አድርገው አንገታቸውን ሰጡት።

«በል ጨርስ» አሉ። «እንዳናረፍድባት።»

ኔቪል ለሃጩን በገዛ ሸሚዙ እጅጌ ጠረገላቸውና ምላጩን አሳረፈ።