ከቤት ቤት የዞረው ጉቶ

ትህትና ጉቶውን ገልብጣ ስታየው የራሷን የእጅ ጽሑፍ አገኘች። በቀይ ማርከር የተጻፈ፣ ወፈር ያለ "1"።

ደግማ አየችው። አንድ ነው፤ ሌላ ሊሆን አይችልም። የቆመችው ግን በስመኝ ጓሮ፣ በአሥረኛው ቤት ነበር። ይህ ጉቶ መኖር ያለበት በመጀመሪያው ቤት፣ እትዬ አልታየች ዘንድ ነው። ከዘጠኝ ቀን በፊት እዚያ ስትመዝነው ጠማማ ስለሆነ ጆንያው ውስጥ አልገባ ብሏት ለብቻው ሰቅላ፣ ስድስት ኪሎ ተኩል ብላ መዝግባ፣ ከሌላው እንዳይምታታባት ቁጥር የጻፈችበት እሷው ናት።

"ስመኝ፣ ይሄ ጉቶ ከየት መጣ?"

ስመኝ ልጇን እንዳዘለች ምድጃው ላይ አጎንብሳ ነበር። ቀና አላለችም። "ከጓሮ ነዋ። እንጨት ከየት ይመጣል?"

"ባሕር ዛፍ አላችሁ ማለት ነው?"

"ኧረ ሞልቶ!" አለችና እጇን ወደ ማዶ ወረወረች። ማዶ ያለው ገደል ነው።

ትህትናን ሳቅ ቃጣት። ከመካነ ሰላም ወደዚህ ደጋ የወጣችው ለአንድ ጥናት ነበር። የጓሳ አፋፍ መንደር ሰው ምን አንድዶ ያበስላል? ወደ ገብስ ማሳው መመለስ ከሚገባው የከብት እበት ስንቱ ኩበት ሆኖ እሳት ውስጥ ይገባል? ሥራው ቀላል ነው። በቀን አንድ ቤት ትይዛለች፤ ጠዋት ለማገዶ የቀረበውን ትመዝናለች፣ ወደ ማታ የተረፈውን ትመዝናለች፣ የጎደለው የዚያ ቤት የቀን እሳት ነው። ኩበት በብዛት የሚያነዱ መንደሮች የባዮጋዝ ጉድጓድና የዛፍ ችግኝ ያገኛሉ። በእሷ መዝገብ ግን በዘጠኝ ቀን፣ በዘጠኝ ቤት አንዲት ኩበት አልተገኘችም። ዛፍ በጣት በሚቆጠርበት አገር! ነገሩ ሳይከነክናት ቀርቶ አይደለም። ቁጥሩ ደስ ብሏት ነው ዝም ያለችው፤ ጥርት ያለ ቁጥር ነበራ። በየቤቱ አንድ ጠማማ ጉቶ ለብቻው ስትሰቅልም አንዴ እንኳ ገልብጣ አላየችውም።

ስልኳ ጮኸ። እዚህ መንደር ስልክ ሳይቆራረጥ የሚሰማው ከስመኝ ቤት በላይ ካለው ድንጋይ ላይ ሲወጡ ብቻ ስለሆነ ሮጣ ወጣች። ጥናቱን የሚመሩት ዶክተር በእውቀቱ ናቸው።

"ትህትና፣ ግሩም ነው የሠራሽው! ጓሳ አፋፍ ከኩበት ተላቃለች ማለት እኮ ነው። ከባዮጋዙ ዝርዝር አውጥቻታለሁ፤ ለባሰባቸው ይሁን። ያሲን በአሥር ሰዓት መኪና ይዞ ይመጣልሻል።"

"ዶክተር፣ አንድ የማጣራው ነገር..."

"አብሽሪ። ለሁለተኛው ዙር ሥራ ያንቺን ስም አንደኛ አድርጌ ነው የጻፍኩት።"

ስልኩ ሲዘጋ ከድንጋዩ አልወረደችም። ተቀመጠች፣ ተነሣች፣ ሰዓቷን አየች፤ ስምንት ሰዓት ሊሆን ነው። ሁለተኛው ዙር የአንድ ዓመት ሥራ ነው። ከተመረቀች ጀምሮ ስትመኘው የኖረችው ይህንኑ ነበር። ጉቶውን ያየ ሌላ ሰው የለም። ዝም ብትል ማንም አያውቅም፤ ይህች መንደር ግን ከዝርዝሩ እንደወጣች ትቀራለች።

ከድንጋዩ ላይ ሆና ቁልቁል ስታይ ከስመኝ ቤት ኋላ ያለውን የገብስ ገለባ ክምር አየች፤ ጎኑ እንደ ግድግዳ ቀጥ ያለ ነው። ወርዳ በቀጥታ ወደዚያው ሄደች።

"እሱ የከብት ነው! ገለባ ነው!" እያለች ስመኝ ተከተለቻት።

ትህትና ገለባውን በሁለት እጇ ገፈፍ አደረገችው። ከሥሩ በሥርዓት የተደረደረ፣ ቁመቱ ወገቧ የሚደርስ የኩበት ግድግዳ ብቅ አለ። ስመኝ ፊቷን በእጇ ሸፍና ማልቀስ ጀመረች። ልጁም እናቱን ሰምቶ ተቀበላት።

"ስመኝን ይተዉአት" አለ ከኋላ አንድ ድምፅ። እትዬ አልታየች ነበሩ፤ ጩኸቱን ሰምተው አጥሩን ዞረው መምጣታቸው ነው። በዕድሜ እናቷ ቢሆኑም ሚዛን ይዛ ከመጣች ጀምሮ አንድም ቀን አንቺ ብለዋት አያውቁም። "እንጨቱ የኔ ነው። ለልጄ ለፈንታው ሰርግ ያስቀመጥኩት። እርስዎ አንዱን ቤት ጨርሰው ሲወጡ የተረፈውን ወደሚቀጥለው ቤት እናሻግረዋለን። እርስዎ የጻፉበት ያ ጠማማ ጉቶ ከነደደ ግን ጉድ ይፈላል ብለን እሱን ማንም አላነደደው። ኪሎውን ይሞላልናል ብለን።"

"ግን ለምን እትዬ? ኩበት ብታነዱ ማን ይከሳችኋል?"

እትዬ አልታየች መሬት መሬት አዩ። "አይቆጡም?"

"አልቆጣም።"

"ሊመዘግቡን የመጡ ቀን፣ ከኔ ደጃፍ ሲደርሱ ጭሱ ወጣብዎ። በዚያ አንገትዎ ላይ ባለው ሻርፕ አፍንጫዎን ሸፈኑ። ሴቱ ሁሉ አየ። ማታ ተሰብስበን፣ ይቺ የተማረች ልጅ እንዲህ ከተቸገረች ኩበታችንን እንዴት በሚዛኗ ላይ እንሰቅልባታለን ተባባልን። ወላሂ፣ ልናታልልዎ አይደለም። ማክበራችን ነው።"

የትህትና እጅ ሳታዘው ወደ ሻርፑ ሄደ። እናቷ ሰጥተዋት ነው፤ ነጭ ነው፣ ጠርዙ ላይ ሰማያዊ አበባ አለው። ሸፍና ነበር፣ እውነት ነው። ግን የሸሸችው የእነሱን ጭስ አልነበረም። አራተኛ ክፍል እያለች አጠገቧ የምትቀመጥ ልጅ "ኩበት ኩበት ትሸቻለሽ" ብላ ደብተሯን ሰብስባ ሌላ ወንበር ሄዳለች። የትህትና እናት መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ ኩበት እያነደዱ ነው ያሳደጓት። ዩኒፎርሟን በሎሚ ስታጥብ ኖራለች። ያን ቀን እትዬ አልታየች ደጃፍ ላይ የመጣባት የዚያ ዩኒፎርም ሽታ ነው። እሱን ደግሞ ለማን ነግራ ታውቃለች? አፈረች፤ ፊቷ እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ።

"እሺ፣ ምን ይሻላል?" አለች በመጨረሻ።

"ምን ቸገረ!" እትዬ አልታየች ነገሩ እንደ ቀለላቸው ሁሉ ድንጋይ ስበው ተቀመጡ። "እኔ የማላውቀው ቤት አለ? ልንገርዎ፣ ይጻፉት። እኔ ቤት በቀን ስምንት ኪሎ ይበሉ።"

ትህትና ታብሌቷን ከፈተች። ለምን አይሆንም? ሴትዮዋ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያነደዱትን ያውቁታል። መንደሯ ወደ ዝርዝሩ ትመለሳለች፣ ዶክተሩ አይናደዱም፣ እሷም ሥራዋን አታጣም። የሚጎዳ የለም። ስምንት ብላ ጻፈች። ሁለተኛው ቤት ሰባት፤ ሦስተኛው ዘጠኝ። ቁጥሮቹ ሲያዩአቸው እውነት ይመስላሉ።

"አራተኛው የጋሹ ነው። እሱም ሰባት... የለም የለም፣ አማቱን ረስቼ። እሷ ስላለች አሥራ ሁለት ይግባ።"

ትህትና እጇን ሰበሰበች። "የቷ አማት? ጋሹ ቤት ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ነበር እኮ። አሮጊት አላየሁም።"

"የት ያዩዋታል! ብርድ ስለማይስማማት እሳት ከጠፋባት ታቃስታለች። እዚያ ከዋለች እንጨቱ ለቀሩት ቤቶች አይበቃም አልንና፣ በሌሊት አዝለን እኔ ቤት አመጣናት። እርስዎ ሲወጡ መለስናት።"

ይህን እንደ ተራ ነገር ነበር የተናገሩት። ትህትና ግን የጋሹን ቤት ያን ቀን አስታወሰች፤ እንዴት ፀጥ ያለ ቤት ነው ብላ ማስታወሻዋ ላይ ሁሉ ጽፋ ነበር። የታመመች አሮጊት ከአልጋዋ ተነሥታ በብርድ ተሸክመዋት የዞሩት በራሷ በትህትና ሻርፕ ምክንያት ነው። አሁን ደግሞ እዚህ ሆና፣ ያላየችውን አሥራ ሁለት ኪሎ ልትጽፍ ነው። ጣቷ የጻፈቻቸውን ሦስት ቁጥሮች አንድ በአንድ ሰረዘ።

"ምነው? አበዛሁት?" አሉ እትዬ አልታየች ደንግጠው።

"አይደለም እትዬ። እኔ ነኝ ኩበታችሁን ያሳነስኩት።"

ድንጋዩ ላይ ወጥታ ደወለች።

"ዶክተር፣ የላክሁልዎትን ቁጥር አይጠቀሙበት።"

"የትኛውን?"

"ሁሉንም። እንጨቱ አንድ ነው፤ ከቤት ቤት ሲዞር ነበር የመዘንኩት። ኩበቱን ደብቀውታል። የደበቁት ደግሞ በኔ ጥፋት ነው።"

"ትህትና፣ ዝርዝሩ ሰኞ ጠዋት ይዘጋል እኮ!"

"ዛሬ ዓርብ ነው። ሁለት ቀን አለኝ። በቀን አንድ ቤት ሳይሆን አሥሩንም ባንድ ላይ እመዝናለሁ።"

"ለሁለተኛው ዙር የተከራከርኩልሽ በዚህ ቁጥር ነው። አሁን ምን ብዬ ልከራከር?"

"የሆነውን ይንገሯቸው።"

ዶክተሩ ደህና ዋይ እንኳ ሳይሉ ዘጉት። ሥራው እንደሄደ ገባት፤ ከፋት፣ ዓይኗም እንባ አቀረረ። ግን ጉቶውን ካየች ጀምሮ ሲያመላልሳት የነበረው ነገር እዚያው ድንጋዩ ላይ ለቀቃት።

ሾፌሩ ያሲን አሥር ሰዓት ሳይሞላ ደረሰ። ሰላምታውን ከመጨረሱ ሻንጣዋን፣ የዕቃ ሣጥኗን፣ ጆንያዋን አንሥቶ መኪናው ላይ ጫነ። ሚዛኑን ሊቀበላት እጁን ሲዘረጋ አልሰጠችውም።

"ያሲን፣ አንተ ሂድ። እኔ ሰኞ እመጣለሁ።"

"እንዴ! ማደሪያሽን ለቀሽ የት ልታድሪ?"

"እኔ ቤት ነዋ" አሉ እትዬ አልታየች፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

ያሲን አንዴ እሷን አንዴ የኩበቱን ግድግዳ አየ። ምን እንደተፈጠረ ባይገባውም ሻንጣዋን መልሶ አወረደላትና "በሰላም ቆዩን፣ አላህ ያግዝሽ" ብሎ ሞተሩን አስነሣ። መኪናው ታጥፎ ከዓይን ሲጠፋ ነው ትህትና የጆንያው ነገር ትዝ ያላት። የምትመዝንበት ጆንያ አብሮ ሄዷል።

"ጆንያ ይኖርሻል ስመኝ?"

"ሁሉም ገብስ አለበት" አለች ስመኝ፤ ዓይኗ ገና አልደረቀም።

ትህትና ሻርፑን ከአንገቷ ፈታችና መሬት ላይ ዘረጋችው። ከግድግዳው ላይ ኩበት እያነሣች መሐሉ ላይ ደረደረች። ጥቂት ሲቀራት እትዬ አልታየች ነገሩ ገብቷቸው ክንዷን ያዙ።

"ኧረ በሞቴ! ይበላሻል፣ ነጭ ነው!"

"ይታጠባል።"

አራቱን ጫፍ ሰብስባ ቋጠረችና በሚዛኑ መንጠቆ ላይ ሰቅላ አነሣችው። ከበዳት። ቋጠሮው በአየር ላይ ዞረ፣ የሚዛኑ ቀስትም አብሮ ተወዛወዘ፤ ማንበብ አልቻለችም።

"አንቺ ልጅ፣ ወዲህ በይው፣ እኔ ልያዝልሽ" አሉና እትዬ አልታየች ሚዛኑን ከእጇ ወስደው ከፍ አደረጉት።

ቀስቱ ቆመ። ትህትና ፊቷን አስጠግታ አነበበች፣ ጻፈች። ከዚያ ቋጠሮውን ፈትታ ኩበቱን ለስመኝ ምድጃ ሰጠች፤ ሻርፑንም ሁለት ጊዜ አራግፋ መልሳ አንገቷ ላይ ጠመጠመችው።